ሙያ በወረዳ በኩል፦ ከሥራ ፈላጊ ምዝገባ እስከ ሲኦሲ ፈተና

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ጋራዥ ገብቶ ሦስት አራት ዓመት ሠርቷል። ሞተር አውርዶ ይገጥማል፣ ፍሪሲዮን ይቀይራል፣ ደንበኛ ስሙን ጠርቶ ይፈልገዋል። ትልቅ ድርጅት ሄዶ ሥራ ሲጠይቅ ግን «ማስረጃህ የታለ?» ይሉታል። ማስረጃ የለውም። ውል አልነበረውም፣ የልምድ ደብዳቤ አልተጻፈለትም፣ ወረዳው መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ይህ መመሪያ ለእሱ ነው። ምን ሙያ ልግባ ብላ ቤት ለተቀመጠችው እህቱም ነው። መጨረሻው ላይ ለባለ ጋራዡም የሚሆን ነገር አለ።

ብዙ ሰው የመንግሥት የሥልጠና ድጋፍ ሲባል ሚኒስቴር ድረስ የሚኬድበት ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቋቋም ፖሊሲውን ያዘ፣ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ቢሮዎቹን ያዙ፤ ስማችሁን የሚመዘግበው፣ ለሥልጠና የሚልካችሁ፣ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ግን ወረዳችሁ ወይም ቀበሌያችሁ ውስጥ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው በመዝገብ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይሄዳል፦ የምትለምዱት ሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወረቀት ይያዝ።

1. መጀመሪያ ተመዝገቡ

የወረዳችሁን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ፈልጉ። ብዙ ቦታ «አንድ ማዕከል» የሚባለው አገልግሎት መስጫ ውስጥ ነው፤ ካጣችሁት ጥበቃውን «የሥራ ፈላጊ ምዝገባ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ ካላችሁ እሱን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ከነኮፒው፣ ሁለት ሦስት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገብ ነፃ ነው። «እኔ ላስመዝግብላችሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አንድ ብር አትስጡ።

ምዝገባው ላይ ሰው የሚሳሳተው ትንንሽ ነገር ላይ ነው፣ ዋጋው ግን በኋላ ይከብዳል። ስማችሁ በፋይዳው፣ በትምህርት ማስረጃውና በወረዳው መዝገብ አንድ ዓይነት ይሁን። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ወይም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ፊደል ከተለያየ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ ስትደርሱ «ይህ አንተ አይደለህም» ትባላላችሁ። ዛሬ ይስተካከል። ስልክ ስትሰጡ ደግሞ የራሳችሁን ስጡ፣ የጓደኛ አይደለም፤ ቁጥር ስትቀይሩም ሄዳችሁ አሳውቁ። የሥልጠና ዙር ሲከፈት የሚደወለው በዚያ ቁጥር ነው፤ ካልተነሳ ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋሉ።

ቅጹ ላይ «የምትፈልገው የሥራ ዓይነት» ሲል «ማንኛውም» ብላችሁ አትጻፉ። የወረዳው መዝጋቢ ባለሙያ ዝርዝር ስታወጣ የምታወጣው በሙያ ነው። የብየዳ ድርጅት አምስት ልጅ ሲጠይቅ «ብረታ ብረት» ያለው ይጠራል፣ «ማንኛውም» ያለው መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ሙያ ጻፉ፣ የምትፈልጉትንና ሁለተኛ ምርጫችሁን።

ስትጨርሱ ቁጥር ጠይቁ። አንዳንዱ ወረዳ ሰዉ የሥራ አጥ ካርድ የሚለውን ይሰጣል፣ አንዳንዱ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ምንም ይሁን ምን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ባለሙያዋን በእርጋታ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «እህቴ፣ በዚህ ሩብ ዓመት የትኛው የሥልጠና ዙር ይከፈታል? አፓረንት (ሙያ ለማጅ) የሚቀበሉ ድርጅቶች ዝርዝር አላችሁ? ማስታወቂያ የምትለጥፉት የት ነው?» መዝግቦ ዝም ብሎ የሚሄድና እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው እኩል አይታወሱም።

2. የትኛው በር ነው የእናንተ?

አራት መንገድ አለ። በደንብ ለዩዋቸው፤ ድጋፉም መብቱም ይለያያልና።

አንደኛው የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መግባት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ምሥራቅ፣ ንፋስ ስልክ የመሳሰሉት አሉ፤ ክልል ላይም ትልልቅ ከተሞች ሁሉ አላቸው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል። አገሪቱ የተከተለችው አሠራር የትብብር ሥልጠና ይባላል፤ በስትራቴጂው መሠረት ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በኮሌጁ መሆን አለበት። በተግባር ሁሉም ጋ እንዲህ አይሆንም። ኮሌጁ ቦታ ካላገኘላችሁ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አምጡና ኮሌጁ ደብዳቤ ይጻፍ። ድርጅት ጠፋ ተብሎ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻ መጨረስ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው አጫጭር ሥልጠና ነው፤ ምግብ ዝግጅት፣ ልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ የቤት ኤሌክትሪክ፣ የሞባይል ጥገና። የሚሰጠው እዚያው ኮሌጆቹ ውስጥ ነው፣ ላኪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረዳው ነው። 12ኛ ክፍል ላላለፈ ወይም ትምህርት ላቋረጠ ሰው ከሁሉ ቀላሉ በር ይኸ ነው። በወረዳ ደብዳቤ ስትሄዱ ክፍያው ማን ላይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ደሴን፣ ሐዋሳን፣ ጅግጅጋን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀምር ሰው የሚያውቀው በጽዳትና በአካባቢ ልማት ሥራው ነበር። ዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ 400 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ለወጣቶች የመጀመሪያ የሥራ ልምድ የሚባል ክፍል ጨመረበት። የሥራ ልምድ የሌለው፣ ትምህርቱም ብዙ ያልገፋ ወጣት ድርጅት ውስጥ ገብቶ ለወራት ይሠራል፣ የወር ክፍያው ከፕሮጀክቱ ይመጣል። ለባለ ድርጅቱም ሸክም አይሆንም፣ ለወጣቱም የትራንስፖርት ጭንቀቱን ያቀልለታል። እንዲህ ያለ ዙር አሁንም ከተማችሁ ላይ ይከፈት እንደሆነ ወረዳውን ጠይቁ፤ ሲከፈት ምዝገባው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይ አስቀድሞ መዝገብ ላይ መገኘት ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

አራተኛው የጥንቱ መንገድ ነው። ቀጥታ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ስፌት ቤት ሄዶ «ልልመድ» ማለት። ወረዳም ኮሌጅም መሀል የለም። አብዛኛው ሰው የሚገባው በዚህ ነው፣ አብዛኛው ጉልበት የሚበላውም እዚህ ነው። ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ቁጥር 4ን ሁለቴ አንብቡት።

3. ድርጅቱን በዓይናችሁ እዩ

ከመስማማታችሁ በፊት ግማሽ ቀን እዚያ አካባቢ ዋሉ። ሥራ ይገባል ወይ? ሙያተኛው ሲሠራ ረዳቱን አጠገቡ ያቆመዋል ወይስ «ውኃ አምጣ፣ ሻይ ጥራ» ብቻ ነው? ብየዳ የሚበይደው ልጅ ዓይኑ ላይ መከላከያ አለ? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይኸ ነው፦ ከእናንተ በፊት እዚህ የለመዱ ልጆች አሁን የት ናቸው? አንዱ የራሱን ከፍቷል፣ ሌላው እዚያው ሙያተኛ ሆኗል ከተባላችሁ ጥሩ ቦታ ነው። ማንም የማያስታውሳቸው ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ትልቅ ድርጅት ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ትልቁ ጋ አንድ ማሽን ላይ ስድስት ወር ልትቆሙ ትችላላችሁ፤ ትንሹ ጋ ሁሉንም ትነካላችሁ። የትልቁ ጥቅም ደብዳቤው ነው፣ የትንሹ ጥቅም እጃችሁ ነው። ምን እንደሚጎድላችሁ አይታችሁ ምረጡ።

4. ውል፣ ውል፣ ውል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አሠሪው ከሥራው ጋር የተያያዘ ሙያ በተሟላና በተያያዘ መንገድ ሊያሠለጥን ይስማማል፣ ለማጁ ደግሞ ሥልጠናውን ተከታትሎ የታዘዘውን ሊሠራ ይስማማል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ጉዳዩ በሚመለከተው የመንግሥት አካልም መረጋገጥ አለበት። የለማጁ ዕድሜ ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም። ውሉ ውስጥ ቢያንስ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ መግባት አለባቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ አስምሩበት። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝና ለሥልጠናው በማይጠቅም ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። የመኪና ጥገና ልልመድ ብሎ የገባ ልጅ ዓመት ሙሉ መኪና ሲያጥብ ከዋለ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ሌላው፣ ውሉ ሲያበቃ አሠሪው የሰለጠናችሁበትን ሙያና የቆያችሁበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠት ግዴታው ነው፤ ደስ ካለው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም።

ውሉ ሦስት ገጽ መሆን የለበትም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«አሠሪ ___ ሙያ ለማጅ ___። የሙያው ዓይነት፦ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ። ጊዜው ከ___ እስከ ___። በዚህ ጊዜ ለማጁ ገመድ መዘርጋት፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም፣ ብሬከር ማገናኘትና ብልሽት መፈለግ ይለምዳል። የሚያሠለጥነው ሙያተኛ ስም ___። የሥራ ሰዓት ከ___ እስከ ___፣ የዕረፍት ቀን ___። አሠሪው በወር ___ ብር ይከፍላል፣ ጓንትና መሣሪያ ያቀርባል። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። ውሉ ሲያበቃ አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ፊርማ፣ ቀን፣ ሁለት ምስክሮች።»

ሦስት ኮፒ አድርጉት። አንዱ አሠሪው ጋ፣ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ወረዳው ጋ የሚሄድ። ወረዳውን «ይህን የሙያ መልመጃ ውል የሚያረጋግጥልን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ ክፍለ ከተማ ይልካችኋል።

ክፍያው ላይ አትፈሩ፣ ግን አውቃችሁ ግቡ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ገንዘቡ የሚወሰነው በስምምነት ነው። ትንሽም ብትሆን ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እያየሁ እሰጥሃለሁ» የሚባል ክፍያ አይሠራም። በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል መስማማት ይቻላል፤ ልጁ እየለመደ ሲሄድ ለባለቤቱም ያተርፋልና ብዙ አሠሪዎች ይህን በደግ ያዩታል።

ውል ማስፈረም የሚያሳፍር ይመስላል፣ በተለይ ባለ ጋራዡ የአባታችሁ ጓደኛ ሲሆን። «ጋሼ፣ አላመንኩዎትም ማለቴ አይደለም፤ ወረዳው መዝገብ ላይ ለማስገባት በጽሑፍ ይፈልገዋል፣ በኋላ ለሲኦሲም ይጠቅመኛል» በሉ። እውነትም ነው። አባት ወይም አጎት ይዞ መሄድም ነገሩን ያቀለዋል።

ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ለሆነ ልጅ ሕጉ ተጨማሪ ጥበቃ አለው። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓት የለም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ማሠራት ክልክል ነው። ወላጆች ይህን እወቁ።

በኮሌጅ በኩል የወጣችሁ ደግሞ ልብ በሉ። አዋጁ የሙያ መልመጃ ውልን ይሸፍናል እንጂ ሌላውን የትምህርትና የሥልጠና ውል አይሸፍንም። እናንተ የምትወጡት ኮሌጁና ድርጅቱ በተፈራረሙት ስምምነት ከሆነ ያንን ወረቀት አሳዩኝ በሉ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክማችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

5. እየለመዳችሁ መዝግቡ

አንድ ተራ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የሠራችሁትን ሥራ፣ የተጠቀማችሁበትን መሣሪያ በሁለት መስመር ጻፉ። በሳምንት አንዴ የሚያሠለጥናችሁ ሙያተኛ ይፈርምበት። የሠራችሁትን ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ፎቶ አንሱ። ሰው ይህን ሲሰማ የተማሪ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የልምድ ደብዳቤ ሲጻፍ ዝርዝሩ የሚወጣው ከዚህ ደብተር ነው፣ ደንበኛ ሲጠይቃችሁም የምታሳዩት ፎቶውን ነው።

የመሣሪያዎችን የእንግሊዝኛ ስምም አብራችሁ ያዙ። ጋራዥ ውስጥ ካቻቪቴና ፒንሳ በቂ ነው፣ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ግን ስክሩድራይቨርና ፕላየር ብሎ ሊመጣባችሁ ይችላል።

6. ሲኦሲ

ሲኦሲ ለኮሌጅ ልጆች ብቻ ነው የሚለው ወሬ ስህተት ነው። በሥራ ላይ የለመደ ሰውም መመዘን ይችላል። የክልላችሁ ወይም የከተማችሁ የሙያ ብቃት ምዘና መሥሪያ ቤት ይመዘግባል፣ ምዘናው ዕውቅና ባላቸው ማዕከላት ይሰጣል። ብዙዎቹ ማዕከላት ኮሌጆች ውስጥ ናቸው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የሙያችሁን የሙያ ደረጃ ሰነድ አግኙ። አቅራቢያችሁ ያለ ኮሌጅ የሙያችሁ ክፍል አሠልጣኝ ጋ ሄዳችሁ «ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 ላይ ምን ምን ይመዘናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰነዱ ሙያውን በብቃት አሃዶች ይከፋፍለዋል፤ ለምሳሌ መለካት፣ መሣሪያ መያዝ፣ የሥራ ደህንነት መጠበቅ ራሳቸውን ችለው ይመዘናሉ። እያንዳንዱን እያያችሁ «ይህን ብቻዬን እሠራለሁ?» በሉ። የማትሠሩትን ምልክት አድርጉና አሠሪያችሁን በዚያ ላይ እንዲያሠራችሁ ጠይቁ። አንድ ወር ቢፈጅም ፈተና ወድቆ ከመመለስ ይሻላል።

ከዚያ ደረጃውን ምረጡ። ጉጉት ብዙ ሰው ያሳስታል። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ ብሎ ቀጥታ ደረጃ 3 መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ከፍ ያለው ደረጃ ከእጅ ሥራ በተጨማሪ ዕቅድ ማውጣትና ሌሎችን መምራት ይጠይቃል። ለአብዛኛው በሥራ ላይ ለለመደ ሰው ከታች ጀምሮ መውጣት ይሻላል።

ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር። በሥራ ላይ የለመደ ሰው ተግባሩን አልፎ ንድፈ ሐሳቡ ላይ ይሰናከላል፤ የኮሌጅ ልጅ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሁለቱ ልጆች ተገናኝተው ቢያጠኑ ምን ያህል ይረዳዱ ነበር! ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ፈልጉ። ተግባር ላይ ደግሞ መዛኙ የሚያየው ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ ጓንት አጠለቃችሁ ወይ፣ ኃይል አጠፋችሁ ወይ፣ ስትጨርሱ ቦታውን አጸዳችሁ ወይ ብሎ ያያል። ጋራዥ የተለመደውን ችኮላ በር ላይ ተዉት።

ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ሁለተኛው ከመጣ የትኛው ክፍል ላይ እንደጎደላችሁ ጠይቁና ተዘጋጅታችሁ ተመለሱ፣ ደግሞ መመዘን ይቻላል። በገንዘብ ሲኦሲ አወጣላችኋለሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ሽሹ። ቀጣሪ ሰርተፊኬቱን ያስጣራል፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ደግሞ ወንጀል ነው።

ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ መሄድ የምታስቡ እህቶች፣ ለእናንተም ሥልጠናውና ሲኦሲው ግዴታ ነው። በሚኒስቴሩ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ መመዝገብም አለበት። ሥልጠናውን ለወረቀቱ ስትሉ ብቻ አትቀመጡት፤ ስለ ውልና ስለ መብት የሚነገረውን ጻፉት፣ ያንን ማንም ደላላ አይነግራችሁም።

7. ባለ ድርጅት ከሆናችሁ

ለማጅ መቀበል ጊዜ ይበላል፤ ልጁ ዕቃ ያበላሻል፣ ሲለምድ ደግሞ ይሄዳል። ቅሬታው ትክክል ነው። ግን ብቻችሁን አትሸከሙት። ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚባል አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ አሠልጣኞቻቸው ወደ ድርጅቱ መጥተው በቴክኒክ ክህሎት፣ በቴክኖሎጂ፣ በካይዘን (አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) እና በንግድ ሥራ አመራር ያግዛሉ። ብዙ ባለ ድርጅት ይህ እንዳለ ስለማያውቅ አይጠይቅም። ወረዳ ሂዱና «ሁለት ለማጅ ልቀበል ዝግጁ ነኝ፣ ከተመዘገቡት ውስጥ ላኩልኝ፤ የኤክስቴንሽን ድጋፍም እፈልጋለሁ» በሉ፤ በደብዳቤ ቢሆን ይመረጣል። የመሥሪያ ቦታ ሼድ፣ ብድርና የገበያ ትስስር የሚያየው ያው ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ወጣት የሚያሠለጥን ድርጅት ሆኖ መታወቅ ይጠቅማችኋል።

ልጁ ላይ ያለው ስጋት ደግሞ በውሉ ይቀላል። ጊዜውን ግልጽ አድርጉ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ክፍያውን ከፍ አድርጉ፣ የሚቀጥር ቦታ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ተስፋ ያየ ልጅ በቀላሉ አይሄድም።

8. ካልሆነስ?

ወረዳው «ዙር የለም» ካላችሁ መቼ እንደሚከፈት ጠይቁና ወር በገባ ቁጥር ብቅ በሉ። ተደጋጋሚ ምላሽ ካጣችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስደርጉ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ ሂዱ። አሠሪው ክፍያ ከከለከለ ወይም የምስክር ወረቀት አልሰጥም ካለ ውሉንና ደብተሩን ይዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ሂዱ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጠይቁ። ሲኦሲ ስታገኙ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወረዳ ተመለሱና መዝገባችሁ ላይ ሙያችሁንና ደረጃችሁን አስለውጡ፤ «ሥራ ፈላጊ፣ ልምድ የሌለው» ተብሎ የተጻፈው እስካልተለወጠ ድረስ ሙያተኛ ሲፈለግ አትጠሩም።